ዝምድናውን ሳትለዪ አታዋህጂ

ልጄ፣ ሩሲያኛ መማር መጀመርሽን ስሰማ በጣም ደስ ብሎኛል። ከመጻሕፍቴ መካከል ለዳታቤዝ ሥራሽ የሚሆን አንድ እንድመርጥልሽ፣ የ«ሪሌሽን» ዓይነቶችንም ከሩሲያኛ ስማቸው ጋር እንድጽፍልሽ ጠይቀሽኛል። እጽፍልሻለሁ፤ ስም መጻፍ ቀላሉ ሥራ ነው። አስቀድሜ ግን አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። ሁለት ነገሮችን የሚያያይዝ ነገር በሠራሽ ቁጥር፣ ምን ዓይነት ዝምድና እንደሆነ ሳትለዪ ወደ ኮድ አትግቢ። በተለይ የሚመሳሰሉትን እንደ አንድ አትቁጠሪ። የሰው መዝገብ በዚህ ሲበላሽ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

ዝምድና (ሪሌሽን) በሒሳብ ትርጉሙ እጅግ ቀላል ነው። አንድ ስብስብ ትወስጃለሽ፣ ከአባላቱ ቅደም ተከተል ያላቸው ጥንዶች ትሠሪያለሽ፣ ከጥንዶቹም የፈለግሽውን ትመርጫለሽ። የመረጥሻቸው ጥንዶች ራሳቸው ዝምድናው ናቸው፤ ከዚያ ሌላ የተደበቀ ነገር የለም። «የእገሌ ልጅ ነው» የሚለው ዝምድና ልጁ ፊት፣ ወላጁ ኋላ የተጻፈበት የጥንዶች ዝርዝር ነው። ሩሲያውያን ይህን «አትናሼኒዬ» ይሉታል፤ ሁለት ሁለቱን የሚያያይዘውን ደግሞ «ቢናርናዬ አትናሼኒዬ»። ሦስት ሰዎች ቢኖሩሽ 9 ጥንዶች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ጥንድ ወይ ይገባል ወይ ይቀራል፤ ስለዚህ በሦስት ሰዎች መካከል ብቻ 512 ዝምድናዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አብዛኞቹ ስምም ጥቅምም የላቸውም። ስም ያወጣነው ጠባያቸው ስለታወቀ ለምንተማመንባቸው ለጥቂቶቹ ነው።

ጠባያቸውን የምታውቂው በሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ነገር ከራሱ ጋር ይዛመዳል ወይ? ይህ ሪፍሌክሲቭ መሆን ነው፤ በሩሲያኛ «ሬፍሌክሲቭናስት»። ለእኩልነት እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንሳት አላስፈላጊ ሊመስልሽ ይችላል። ግን በ1985 የወጣው የአይ ትሪፕል ኢ 754 ደረጃ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) «ናን» የሚባል፣ ቁጥር ላልሆነ ውጤት የተተወ ዋጋ አለው፤ ናን ከራሱ ጋር ሲነጻጸር እንኳን እኩል አይደለም። በዳታቤዝ ቋንቋው በኤስኪውኤልም ነል፣ ማለትም ያልተሞላ ዋጋ፣ ከነል ጋር ሲነጻጸር መልሱ እውነትም ሐሰትም አይሆንም፤ «አይታወቅም» ነው። የአባቱ ስም ያልተሞላለት ሰው በአባት ስም ፍለጋ ከራሱ መዝገብ ጋር እንኳ የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው፣ ጥንዱ ሲገለበጥም እውነት ነው ወይ? ይህ ሲሜትሪክ መሆን ነው፣ «ሲሜትሪችናስት»። ካሳ የአልማዝ ወንድም ቢሆን አልማዝ የካሳ ወንድም አይደለችም፤ እህቱ ናት። «የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ብትዪ ግን ይገለበጣል። ሦስተኛው፣ የመጀመሪያው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ከተዛመዱ፣ የመጀመሪያው ከሦስተኛው ይዛመዳል ወይ? ይህ ትራንዚቲቭ መሆን ነው፣ «ትራንዚቲቭናስት»። አባትነት ትራንዚቲቭ አይደለም፤ የአባቴ አባት አያቴ ነው። «የዘር ግንዱ ነው» የሚለው ግን ትራንዚቲቭ ነው፤ የቅድመ አያቴ ቅድመ አያትም የዘር ግንዴ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሰው በቶሎ ይመልሳቸዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ላይ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነገር ብቻ እያየሽ የምትመልሺው ጥያቄ አይደለም፤ ሦስተኛ ነገር እስኪመጣ ጉድለቱ አይታይሽም። በጃቫስክሪፕት በሁለት የእኩል ምልክት ብታነጻጽሪ፣ ባዶ ጽሑፍ ከቁጥሩ 0 ጋር እኩል ነው ይልሻል። ቁጥሩ 0 «0» ከሚል ጽሑፍ ጋርም እኩል ነው ይልሻል። ባዶውን ጽሑፍ ከ«0» ጋር ብታነጻጽሪ ግን አይደለም ይላል። ጥንድ ጥንዱን ብቻ የፈተነ ሰው ይህን አያገኘውም።

ሦስቱንም ጥያቄ በአዎንታ የሚመልስ ዝምድና «አትናሼኒዬ ኤክቪቫሌንትናስቲ» ይባላል፤ የእኩያነት ዝምድና ነው። ውበቱ ስብስቡን ቀዳዳም ተደራቢም በሌላቸው ክፍሎች የሚከፍል መሆኑ ነው። እያንዳንዱ አባል በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ይገባል፤ ከየክፍሉ አንድ ተወካይ መርጠሽ በእሱ ብትሠሪ ምንም አይጎድልብሽም። ለዚህ ከራሳችን ፊደል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ፀሐይ የምትባል ሴት ስሟን አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው «ፀሃይ» ብሎ ይመዘግባታል። ለመጀመሪያው ፊደል 2፣ ለሁለተኛው ግዕዙንና ራብዑን ቆጥረሽ 6 አማራጭ ስላለ ያው አንድ ስም በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ግን 12 የተለያዩ ስሞች ያያል፤ በዩኒኮድ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 የሚል የየራሱ መለያ አለውና። ዩኒኮድ የራሱ ማስተካከያ ስልት ቢኖረውም እነዚህን አንድ አያደርግልሽም። እኩያነቱን የምትደነግጊው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ለፍለጋ የሚሆን ሌላ ዓምድ ክፈቺ፤ ከየድምፁ አንድ ተወካይ ፊደል ምረጪና ስሙን ሁሉ ወደ ተወካዮቹ ቀይረሽ እዚያ አስቀምጪ። የስሙ ባለቤት የጻፈችውን ግን አትንኪ። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሰረቀ ነው፤ ለፍለጋ እኩያ የሆኑት ለትርጉም እኩያ አይደሉም። እኩያነት ሁልጊዜ «ለምን ጉዳይ?» ከሚል ጥያቄ ጋር ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የፊደል እኩያነትን የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው የጽሕፈት ስሕተትን ነው። «በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ስሞች የአንድ ሰው ይሆናሉ» ይላል። ደበበ እና አበበ በአንድ ፊደል ይለያያሉ። አበበ እና አበራም በአንድ ፊደል ይለያያሉ። ደበበ እና አበራ ግን በሁለት ፊደል ይለያያሉ፤ በራሱ መመዘኛ እንኳ አይመሳሰሉም። በዚህ ዝምድና እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ይዛመዳል፣ ጥንዱም ይገለበጣል፣ ግን አይሻገርም፤ ትራንዚቲቭ አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ክሪስቶፈር ዚማን በ1962 «ቶለራንስ» የሚል ስም ሰጠው፤ በሩሲያኛ «አትናሼኒዬ ቶሌራንትናስቲ» ነው። ነገሩን ግን ፈረንሳዊው አንሪ ፖንካሬ በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም ታገኚዋለሽ። 10 ግራምና 11 ግራም በእጅ ሲመዘኑ አይለዩም፣ 11 እና 12ም አይለዩም፣ 10 እና 12 ግን ይለያሉ።

አንድ ጤና ተቋም የካርድ ክፍሉን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ባዛወረ ጊዜ ይህንኑ አየሁ። የተደጋገሙ ካርዶችን ለማጥፋት ተብሎ፣ ስማቸው የሚቀራረብና የትውልድ ዘመናቸው የሚገጥም መዝገቦች እንዲዋሃዱ ተደረገ። ሁለት ሁለቱን ሲያዩት ምክንያታዊ ነበር። ፕሮግራሙ ግን ደበበን ከአበበ፣ አበበን ከአበራ ጋር እያዋሃደ ሄደና ሦስት ሰዎች በአንድ ካርድ ላይ ተገኙ። ለአንዱ ፔኒሲሊን እንዳይሰጠው የተጻፈው ማስጠንቀቂያ በሌላው ስም ላይ ተቀመጠ። የከፋው ግን ወደ ኋላ መመለስ አለመቻሉ ነበር፤ የትኛው ጥንድ በምን ምክንያት እንደተዋሃደ የተጻፈበት ቦታ አልነበረም።

ይህን ልብ በዪ፣ ልጄ። ማዋሃድ ሁልጊዜ መሻገርን ያስገድዳል። ሀን ከለ፣ ለን ከመ ካዋሃድሽ፣ ሀ እና መ ይመሳሰሉ አይመሳሰሉ ሳትጠይቂ አንድ አድርገሻቸዋል። ይህ «ትራንዚቲቭናዬ ዛሚካኒዬ» የሚባለው ነው፤ ዝምድናው የሚሻገር እስኪሆን የጎደሉትን ጥንዶች ሁሉ መጨመር ማለት ነው። ለእኩያነት ጉዳት የለውም፤ የሚጨመር ጥንድ የለምና። ለመመሳሰል ግን አደጋ ነው፤ ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ጫፍና ጫፍ ያሉት የማይገናኙ ይሆናሉ። ስለዚህ የሚመሳሰሉትን ጥንዶች በራሳቸው ሠንጠረዥ ጻፊ፤ ማንና ማን፣ በምን ያህል ነጥብ፣ መቼ፣ ማን አረጋገጠው። ሰው አይቶ ያጸደቀው ብቻ ይዋሃድ። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦችም አይሰረዙ።

የሚገለበጥ ግን የማይሻገር ዝምድና ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ በብዙ የአገራችን ክፍል ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። «በሰባት ቤት ውስጥ ዘመድ ነው» የሚለው ዝምድና ይገለበጣል፤ እኔ ዘመድሽ ከሆንኩ አንቺም ዘመዴ ነሽ። አይሻገርም ግን። አጎቴ በአባቴ በኩል ዘመዴ ነው፣ አክስቴ በእናቴ በኩል ዘመዴ ናት፤ አጎቴና አክስቴ ግን ባዳ ናቸው፤ ባዳ ባይሆኑ ኖሮ አባቴና እናቴም ባልተጋቡ ነበር። ዘመድነት የሚሻገር ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሠርግ ሁለት ወገን እየቀላቀለ፣ ጥቂት ትውልድ ሳይሄድ አገር ምድሩ አንድ ዘመድ ሆኖ የሚጋባ ሰው ይጠፋ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይህን ስለሚያውቁ «የዘመዴ ዘመድ ነውና ዘመዴ ነው» ብለው አያልፉም፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሐረጉን እንደ አዲስ ይቆጥራሉ። እኔ ይህን አቆጣጠር ከማንኛውም የመማሪያ ምሳሌ አስበልጬ አከብረዋለሁ።

ስለ ሌላው የዝምድና ዓይነት፣ ስለ ቅደም ተከተል፣ ባጭሩ ልንገርሽ። የማይገለበጥና የሚሻገር ዝምድና ሥርዓት ይሠራል፤ «አትናሼኒዬ ፓርያድካ» ይባላል። ማንኛውም ሁለት አባል የሚነጻጸር ከሆነ «ሊኔይኒ ፓርያዳክ»፣ ሙሉ ሰልፍ ነው፣ እንደ ቁጥሮች። የማይነጻጸሩም ካሉ «ቻስቲችኒ ፓርያዳክ»፣ ከፊል ሥርዓት ነው። አንዱ ኮርስ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ የሚሆንበት ሥርዓት ይህኛው ዓይነት ነው፤ ፊዚክስና ታሪክ አይቀዳደሙም። ኤድዋርድ ሽፒልራይን የተባለ ፖላንዳዊ በ1930 ማንኛውም ከፊል ሥርዓት ሳይጣስ ወደ ሙሉ ሰልፍ ሊዘረጋ እንደሚችል አረጋገጠ። አርተር ካን በ1962 ያሳተመው ስልት ይህን በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው፤ ሶፍትዌር ስትጭኚ የትኛው ጥቅል መቅደም እንዳለበት የሚወሰነውም እንዲህ ባለ ስልት ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ ለመደርደር በምትጽፊው ማነጻጸሪያ ውስጥ «ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ እኩል ናቸው» የሚል መስመር አታስገቢ። ይህ የፖንካሬን ግራሞች ወደ ሰልፍ ማስገባት ነው። በ2011 የወጣው ጃቫ 7 እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ሲያጋጥመው ደንቡ ተጥሷል ብሎ ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ግን ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ሰልፍ ያወጣ ነበር። የሚያቆመው ይሻላል።

ወደ ዳታቤዝ እንመለስ። ኤድጋር ኮድ በአይቢኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ሲሠራ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የመረጃ ቋት በሒሳቡ ዝምድና ላይ እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ፤ በ1981 የቱሪንግ ሽልማት አገኘ። ብዙ ተማሪ «ሪሌሽናል» የተባለው ሠንጠረዦች እርስ በርስ ስለሚያያዙ ይመስለዋል። አይደለም። ሠንጠረዡ ራሱ ዝምድናው ነው፤ ረድፎቹ የተመረጡት ጥንዶች ናቸው። አንዳንዴ ሁለት ሁለት፣ አንዳንዴ ሰባት ሰባት ሆነው ይቀመጣሉ። የሩሲያኛ መጽሐፍ ስታነቢ ይህ ይለይልሻል፤ ሠንጠረዡ «አትናሼኒዬ» ነው፣ በሠንጠረዦች መካከል ያለው ትስስር «ስቭያዝ»። «አዲን ካ ምኖጊም» ሲሉ አንድ ለብዙ፣ «ምኖጊዬ ካ ምኖጊም» ሲሉ ብዙ ለብዙ ማለታቸው ነው። አንድ እናት ብዙ ልጆች አሏት፣ ልጁ ግን አንድ ወላጅ እናት ብቻ፤ ይህ አንድ ለብዙ ነው፤ በልጁ ረድፍ ላይ የእናቱን መለያ መጻፍ ይበቃል። ተማሪና ኮርስ ብዙ ለብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ጥንዶቹ የሚጻፉበት ሦስተኛ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ስለ ስማችን ደግሞ አደራ እልሻለሁ። የእኛ ሰው ስም ከወላጅነት ዝምድና የተቀነጨበ ሰንሰለት ነው፤ የራሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱ። ከውጭ የመጣ ፎርም የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ የአያቱን ስም ይሞሉለትና፣ አባትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ በመዝገቡ ላይ የማይተዋወቁ ይሆናሉ፤ የአባቱ አያት ሌላ ሰው ነውና። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ ይህን ያውቁታል። የስሙን ሦስት ዓምዶች ሰውየው እንደሚጠራበት ያዢ፤ ዝምድናን ግን ከስም አታውጪ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ በመለያ ቁጥር፣ በራሱ ሠንጠረዥ ይጻፍ።

ከዚያ ሠንጠረዥ ላይ «የዚህች ልጅ የዘር ግንዶች ሁሉ እነማን ናቸው?» ብለሽ ብትጠይቂ የሚያስደንቅ ነገር ይገጥምሻል። አያትን ለማግኘት ሠንጠረዡን ከራሱ ጋር አንድ ጊዜ ታጣምሪያለሽ (ጆይን)፤ ቅድመ አያትን ሁለት ጊዜ፤ ሰባተኛውን ትውልድ ስድስት ጊዜ። ቁጥሩ ከታወቀ ይቻላል። «እስከ መጨረሻው» ከሆነ ግን አልፍሬድ አሆ እና ጄፍሪ ኡልማን በ1979 እንዳሳዩት የኤድጋር ኮድ የዝምድና አልጀብራ ይህን ሊገልጸው አይችልም። ሽማግሌዎቹ በሰባት ላይ የሚያቆሙት ጥያቄ ይቻላል፤ ወሰን የሌለው አይቻልም። ለዚህ ነው በ1999 የኤስኪውኤል ደረጃ ላይ «ዊዝ ሪከርሲቭ» የሚለው የተጨመረው። ስትጠቀሚበት ሰንሰለቱ ወደ ራሱ እንዳይዞር መከላከያ አድርጊለት፤ አንድ የተሳሳተ ረድፍ ሰውን የራሱ አያት ካደረገው መጠይቅሽ ላያቆም ይችላል።

መጽሐፉን መርጬልሻለሁ። የዩሊ ሽሬይደር «ራቬንስትቮ፣ ስኾድስትቮ፣ ፓርያዳክ» ነው፤ እኩልነት፣ መመሳሰል፣ ሥርዓት። ናውካ የተባለው አሳታሚ በ1971 በሞስኮ አሳተመው። ሽሬይደር የሳይንስ መረጃ በሚያደራጀው ቪኒቲ በሚባለው የሞስኮ ተቋም ሲሠራ የኖረ ሰው ስለሆነ መመሳሰልን ከእኩልነት የሚለየው የመረጃ ችግሩን እያሰበ ነው። ሩሲያኛው ከከበደሽ ሚር የተባለው አሳታሚ በ1975 ያወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ፤ ግን በመጀመሪያው ቋንቋ ብትሞክሪው እመርጣለሁ። ከላይ የጻፍኩልሽን ቃላት ይዘሽ ትደርሺበታለሽ።

ከማንበብሽ በፊት አንድ ሥራ ሥሪ። የሦስቱን ሰዎች 512 ዝምድናዎች በትንሽ ፕሮግራም ዘርዝሪያቸው። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ጋር የሚዛመድባቸው 64 ናቸው፤ የሚገለበጡትም 64። ሁለቱንም የሚያሟሉት 8 ብቻ ናቸው። ከ8ቱ ውስጥ 5ቱ የሚሻገሩ፣ ማለትም እኩያነቶች ናቸው። የቀሩትን 3 በወረቀት ላይ ሥያቸው፤ በእያንዳንዳቸው አንድ ሰው መሃል ሆኖ ከሁለቱም ይዛመዳል፣ ሁለቱ ግን እርስ በርስ አይዛመዱም። በመሥሪያ ቤትሽ መዝገብ የሚያዋህድ ፕሮግራም ካለ በእነዚህ በ3ቱ ላይ አስኪጂው። ሦስቱን ሰዎች በአንድ መዝገብ ካደረጋቸው፣ ወደ እውነተኛው ሠንጠረዥ ከመግባቱ በፊት አስቁሚው፤ ከዚያ ደውዪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።